«ወተቴ አልበቃው አለ»፦ ከአራስነት በኋላ ጡት ብቻ ማጥባት ለምን ይቋረጣል?

ጥያቄው የመጣው ከወገራ ወረዳ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ራቅ ባለች ቀበሌ የሚሠሩ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የጻፉት ባጭሩ ይህ ነው፦ «አብዛኞቹ እናቶች አሁን ጤና ጣቢያ ይወልዳሉ፤ እንገሩንም እንደ ድሮው አይደፉትም። ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲያጠቡ በየወሩ አስተምራለሁ፤ ስጠይቃቸው ሳይሳሳቱ ይመልሱልኛል። ልጁ ሁለትና ሦስት ወር ሲሆነው ግን ‹ወተቴ አልበቃው አለ› እያሉ የላም ወተትና ውሃ ይጀምሩለታል። አንዳንዶቹ ወተቴን ያነጠፈው መርፌው ነው ብለው የወሊድ መከላከያውን ያቋርጣሉ። ትምህርቱን ላጠናክር? ወይስ አቅም ለሌላቸው የዱቄት ወተት በእርዳታ እንዲመጣልን ወረዳውን ልጠይቅ?»

ሁለቱንም አያድርጉ። እናቶቹ ሳይሳሳቱ ከመለሱልዎ ትምህርቱ ገብቷቸዋል፤ ያንኑ ደጋግሞ መንገር ሰሚውንም ተናጋሪውንም ከማድከም በቀር የሚጨምረው የለም። የዱቄት ወተቱ ደግሞ የፈሩትን ነገር ጎትቶ ያመጣዋል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የጎደለው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ሲጠባ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው የለም፤ በሁለተኛው ወር ደግሞ እናትየዋ ጡቷ ሲላላባትና ልጁ ሲያለቅስባት «ይህ ያለ ነው» የሚላት ሰው የለም።

ነገሩ በእርስዎ ቀበሌ ብቻ የደረሰ አይምሰልዎ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁለት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት ጡት ብቻ ሲጠቡ የተገኙት 74 በመቶ ነበሩ። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባሉት ላይ ቁጥሩ ወደ 64 ይወርዳል፤ ከአራት እስከ አምስት ወር ባሉት ላይ 36 ላይ ይደርሳል። ማስጀመሩን አገሩ በጥሩ ሁኔታ ለምዶታል። የሚያቅተን ማዝለቁ ነው።

በዚያ ጊዜ ምን እንደሚሆን ካወቁ ለእናትየዋ የሚሉት አያጡም። ከወለደች በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡቷ ይጋታል፤ ይወጠራል፣ ልብሷን እስኪያርስ ይፈስሳል። እሷም አማቷም «ወተት አላት» የሚሉት ያን አይተው ነው። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ግን ጡቱ የልጁን ልክ ይለምዳል። የሚያመርተው ልጁ የሚጠባውን ያህል ስለሆነ መወጠሩ ይቀራል፣ መፍሰሱ ያቆማል፣ ሲነካ ይላላል። ወተቱ አልቀነሰም። ልጁም ጎበዝ ጠቢ ይሆናል፤ ቀድሞ ግማሽ ሰዓት የፈጀበትን በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ጡቱን ይለቃል። በቀን አራት አምስት ጊዜ የነበረው ሰገራ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የሕፃናት ለቅሶ ከፍ የሚለው በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ በተለይ ወደ ማታ። የላላ ጡት፣ ቶሎ የሚለቅ ልጅ፣ የማታ ለቅሶ፤ ሦስቱ ሲገጥሙ «ነጠፈ» የማይል ቤተሰብ አይገኝም። ልጁ ክብደት እየጨመረ እስከሆነ ድረስ ሦስቱም የጤና ናቸው።

ከዚህ ጋር ያገሩ ሥርዓት ይገጥማል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ እናትየዋ ከአራስነት ትወጣለች። እስከዚያ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ጠያቂው፣ እሳት የምታነድላት እህት ነበሩ። ከክርስትናው ማግሥት ውሃው፣ ማገዶው፣ እንደ ወሩም አረሙ ወይም አጨዳው ይጠብቃታል። ልጁን በአንቀልባ አዝላ ትወጣለች፣ ወይ ለታላቅ እህቱ ትታው ትሄዳለች። በቀን አሥር ጊዜ ይጠባ የነበረው ስድስት ጊዜ ይሆናል። እዚህ ላይ ወተቱ እውነትም መቀነስ ይጀምራል፤ ያን ያመጣው ግን ሥራው እንጂ ጡቱ አይደለም።

የእኛም ድርሻ አለበት። ጤና ጣቢያው ከ24 ሰዓት በኋላ አራሷን ይሸኛል፤ በደህና ጊዜ ነው፤ ወተቱ ገና አልወረደም፣ የጡት ጫፉ ገና አልቆሰለም። ችግሩ የሚመጣው ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ነው፤ ያኔ እሷ ጓዳ ውስጥ ናት። ቀጥሎ የምናያት የ45 ቀኑ ክትባት ላይ ነው። እዚያም ልጁ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ «ቀጣይ!» ይባላል። ስለ ጡቷ የሚጠይቃት የለም። በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ጡት ብቻ ማጥባት ከሚቋረጥበት ወራት ጋር ልክ ለልክ ይገጥማሉ፤ እናትየዋ በራሷ እግር ትመጣለች፤ እኛ ግን መርፌውን ብቻ ወግተን እንሸኛታለን። ከዚህ የበለጠ የሚያስቆጭ ብክነት በጤና ኬላ ሥራ ውስጥ አላውቅም።

ወተት እንዴት እንደሚቀንስ ለአባወራው ማስረዳት ካስፈለገዎ በላሙ ይንገሩት፤ ጋቷ ላይ ወተት ተርፎ ያደረች ላም በማግሥቱ እንደምትቀንስ፣ ጨርሶ ካልታለበች እንደምትነጥፍ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሴት ጡትም ሕጉ ያው ነው። ልጁ አንድ ሲኒ ውሃ ወይም የላም ወተት በጠጣ ቁጥር ያን ያህል የእናቱን ወተት ይተዋል፤ የተተወው ጡት ውስጥ ሲቀር ጡቱ «በዛ» ብሎ ምርቱን ይቀንሳል። እናትየዋ ስትጀምር ወተቷ ላይበቃው ይችላል የሚለው ፍርሃት ብቻ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እውነት ይሆናል። «አላልኳችሁም?» ትላለች አማት፤ ያየችውን ነው የምትናገረው።

ውሃ ይጠማዋል የሚለውንም በዚሁ እንጨርሰው። የጡት ወተት ከመቶ 87 እጁ ውሃ ነው። በደጋው ቀርቶ በመተማ ቆላ የሚኖርም ልጅ እስከ ስድስት ወር ሌላ ውሃ አያስፈልገውም፤ በሙቀት ቀን ቶሎ ቶሎ ይጠባል፣ ያ ነው መጠጡ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ሲሄዱ ልጁ ሲጠባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመልከቱ። በአካባቢያችን ይህ ቀላል አይደለም፤ እናት ስታጠባ በነጠላ ትከናነባለች፣ የሰው ዓይን ትፈራለች። ብቻዎን ይግቡ። ጠያቂ ካለ ውጭ እንዲቆይ ይጠይቁ። ልጁን ሲያዩ «ወፈረ፣ ጠገበ» አይበሉ፤ ክብደት ስንመዝን በደስታ የምንላት ቃል ቤት ውስጥ ስንት ፍርሃት እንደምትጭር አናስተውለውም። «እግዜር ያሳድገው» ይበቃል። ከዚያ «እኔ ብቻ ልየው፣ አጎራረሱን ነው» ብለው ከጎኗ ይቀመጡ፤ እጅዎን አያስገቡ።

የሚያዩት ይህን ነው። ልጁ ተጠቅልሎ ከሆነ ይፈታ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ልጅ ሆዱን ከእናቱ ሆድ ጋር ሊያገናኝ አይችልም፣ አንገቱን ጠምዝዞ ነው የሚጠባው። አፉ በሰፊው ተከፍቷል ወይ? የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል ወይ? አገጩ ጡቱን ነክቷል ወይ? ከጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክብ ከላይ በኩል ሰፋ ብሎ፣ ከታች ግን ተሸፍኖ መታየት አለበት። ጉንጩ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም የመምጠጥ ድምፅ እንደ ጡጦ «ጭ፣ ጭ» ካለ ጫፉን ብቻ ነው የያዘው። ደህና የያዘ ልጅ መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን ይልና ወተቱ ሲወርድለት ረዘም ወዳለ አሳሳብ ይገባል፤ ሲውጥ ይሰማል፣ መሐል ላይ ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ሲለቅ ጫፉን ይዩት፤ ከተጨፈለቀ፣ ነጭ መስመር ካለበት ወይም ከተሰነጠቀ አያያዙ ልክ አልነበረም።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። እናትየዋ ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታስለቅቀው፤ ጎትታ አታስለቅቀው። ሆዱን ወደ ሆዷ ታዙረው፤ አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ ይሁን። በጫፉ ከንፈሩን ትነካካው፤ አፉን እንደ ማዛጋት እስኪከፍት ትጠብቅ፤ ሲከፍት ልጁን ወደ ጡቱ ታቅርበው እንጂ ጡቷን ወደ ልጁ አታጎንብስ። ሕመሙ ወዲያው ሲቀንስ ፊቷ ላይ ያዩታል። ብዙ ጊዜ ለቆሰለ ጡት መድኃኒቱ ይኸው ብቻ ነው፤ ቅቤም ቅባትም ፈላጊ አይደለም፣ ከራሷ ወተት ጠብታ ቀብታ አየር ታስነካው።

ወተቱ ይበቃዋል ወይ ለሚለው መልስ የሚሰጡ ሁለት ነገሮች ብቻ አሉ፦ ሽንቱና ሚዛኑ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ፈዘዝ ያለ ሽንት የሚሸና ልጅ ወተት እያገኘ ነው፤ ውሃ ካልተሰጠው በቀር፣ ውሃ ከጠጣ ይህ ምልክት ያታልላል። ሚዛኑ ደግሞ አይዋሽም። አዲስ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ በመጠኑ ቢቀንስ ያለ ነው፤ እስከ አሥር በመቶ መቀነስ ከለመድነው አይወጣም። በሁለት ሳምንት ወደ ተወለደበት መመለስ አለበት። ከዚያ በኋላ በወር ከ500 ግራም በታች ከጨመረ እውነትም የጎደለ ነገር አለና ይፈለግ። ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ልብሱ ወልቆ ይመዘን፤ አለበለዚያ ቁጥሩ የጨርቅ ክብደት ይሆናል። የወተቱ መቅጠን፣ የጡቱ ማነስ፣ የልጁ ማልቀስ ለምንም ማስረጃ አይሆኑም። ሲጀመር ቀጠን ብሎ ነጣ ያለ፣ ሲጨርስ ወፈር ያለ መሆኑ የወተቱ ባሕርይ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ጡት ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይዛወር።

መርፌውን በተመለከተ እናቶቹ ተሳስተዋል፤ ግን ፍርሃታቸው ከመሬት አልተነሣም። የሦስት ወሩ መርፌም፣ በክንድ የሚቀበረውም አንድ ዓይነት ሆርሞን ብቻ ነው የያዙት፤ ወተት አያነጥፉም። መርፌውን ከወሊድ ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ይጀምሩላት። ወተት ሊቀንስ የሚችለው ሁለት ሆርሞን የያዘው እንክብል ነው፤ ለምታጠባ እናት ስድስት ወር ሳይሞላ አይስጡ። መርፌው የሚታማው ጊዜው ስለሚገጥም ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ትወጋለች፣ በስድስተኛው ሳምንት ጡቷ ይላላል። ይህን ከመውጋትዎ በፊት ይንገሯት፤ ከወጉ በኋላ የተነገረ ነገር ማስተባበያ ይመስላል። መርፌ ለማትፈልግ፣ ልጇ ስድስት ወር ላልሞላውና ሌሊትም ቀንም ጡት ብቻ ለምታጠባ እናት የወር አበባዋ እስካልመጣ ድረስ ማጥባቱ ራሱ መከላከያ ነው፤ ሦስቱ ሁኔታዎች ከተሟሉ ከመቶ 98 እጅ ይሠራል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን በዚያው ቀን ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል።

የእናትየዋ ምግብ ላይ ሁለት ስሕተት ይሰማል። አንዱ የከሳች እናት ወተት የላትም የሚለው ነው። እጅግ ካልተጎዳች በቀር የከሳች እናትም ለልጇ የሚበቃ ወተት ታመርታለች፤ የምታመርተው ግን ከራሷ ገላ እየቀነሰች ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታና መክሰስ ይገባታል የምንለው ለእሷ ብለን ነው። የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለተጨማሪ ምግብ ድጋፍ ይመዝግቧት። አዮዲን ያለው ጨው ደግሞ ለእሷም ለወተቷም ነው። ሌላው ስሕተት ወተት ያመጣል እየተባለ የሚሰጠው ጠላ ነው፤ አልኮሉ ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ወተት መውረዱንም ያውካል። አጥሚቱ ይቀጥል፤ ጥቅሙ በውስጡ ያለው እህልና ፈሳሽ ነው።

ጾም ሲነሣ እርስዎ ቀድመው አይከራከሩ። የምታጠባ እናት ሁሉንም አጽዋማት እንድትጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም፤ ይህን ከእርስዎ ይልቅ ከንስሐ አባቷ ብትሰማው ያርፍላታል። ከቀበሌው ካህናት ጋር አንድ ጊዜ ቡና ላይ ተቀምጦ መነጋገር አሥር ስብሰባ ያክላል። በዚያው ስለ ጠበሉም ያንሡ፤ በክርስትናው ቀን ሥጋ ወደሙ መቀበሉን መከራከሪያ አያድርጉት፤ ሥራችንን የሚያፈርሰው በየቀኑ በማንኪያ የሚሰጠው የጠበል ውሃ ነው። ለሕፃን ጠበሉን ማስጠመቅ ይበቃል ቢሉ ካህናቱ፣ እናቶች ይሰማሉ። እንጥል ማስቆረጡም ይነሣ፤ ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ መጥባት ያቆማል፣ ደም ይፈሰዋል፣ ይመረቅዛል።

ሥራው ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ በምክር ብቻ የሚፈታ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛዋ የወሊድ ፈቃድ አላት፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በድርጅት ተቀጥራ የምትሠራ ሴትም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ታገኛለች። የገበሬ ሚስት ከ40 ቀኗ ሌላ ፈቃድ የላትም፤ የቀረው በቤተሰቡ እጅ ነው። ስለዚህ ቤት ሲገቡ ውሃ ማን ይቀዳል፣ በአረም ወር ማን ይወጣል ብለው ይጠይቁ። አማትን በጓዳ አልፈው ወደ ምራቷ አይሂዱ። «እማማ፣ እርስዎ ስንት አሳድገዋል?» ብለው ይጀምሩ፤ ያሳደጉት በጡት እንደሆነ ራሳቸው ይነግሩዎታል። ከዚያ «እስከ ስድስት ወሩ ውሃው ከእሷ ላይ ይነሣላት» የሚለውን ከእርሳቸው አፍ እንዲወጣ ያድርጉ። አባወራውን በወንፈሉ ይያዙት፤ የሚስቱን ቀን በሌላ ሰው ማስተካከል ያውቅበታል፤ ያጣው የሚጠይቀው ሰው ነው።

መውጣቷ ግድ ከሆነ ልጁ ከእሷ ጋር ይውጣ፤ ታላቅ እህቱ እዛፍ ጥላ ሥር ትያዘው፣ በየሁለት ሰዓቱ ይጥባ። እሱም ካልሆነ ወተቷን በእጇ አልባ ትተውለት። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ከጠቆረው ክብ ዳር አስቀምጣ፣ ወደ ደረቷ ገፋ አድርጋ ትጭመቅ፤ ጫፉን አትጎትት። በፈላ ውሃ የተለቀለቀ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ይበቃል። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አራት ሰዓት ያለ ሥጋት ይቆያል፤ በወገራ ብርድ ስድስትም ቢሆን አይጎዳውም፤ ቆላ ከሆነ አራቱን አትለፍ። የሚሰጠውም በሲኒ ወይም በትንሽ ኩባያ ነው። ጡጦ አይግባ፤ ለመታጠብ አይመችም፣ አጎራረሱንም ያበላሻል። ታልቦ የቆየ የእናት ወተት ይበላሻል የሚል እምነት ስላለ፣ መጀመሪያ አማቷ ባሉበት ታልባ ብታሳይ ይሻላል።

የላም ወተት የጀመሩትንስ? ተመላሽ ናቸው፤ አይቆጧቸው። ልጁ ሦስት ወሩ ከሆነና ጡቱን ጨርሶ ካልተወ፣ ከሌላው ወተት በየቀኑ ግማሽ ሲኒ ገደማ እየቀነሱ፣ ጡቱን በየሁለት ሰዓቱና ሌሊትም እየሰጡ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ሌሊት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወተት የሚያመርተው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ይላል። በእነዚያ ሳምንታት በየአምስት ቀኑ ይመዝኑት። ክብደት ከቀነሰ የሌላውን ወተት መቀነስ ቆም አድርገው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት። የላም ወተት ዓመት ሳይሞላው ለምን አይሆንም ለሚልዎ፦ ብረቱ አነስተኛ ነው፣ አንጀቱን አስቆጥቶ ደም ያስፈስሳል፣ ኩላሊቱን ያደክማል፤ ሳይፈላ ከተሰጠ ደግሞ ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት የሚተላለፍ በሽታና የሳንባ ነቀርሳ ያመጣል። ውሃ ቢያቀጥኑት ጥፋቱ አይጠፋም፣ ረሃቡ ይጨመርበታል።

አሁን የዱቄት ወተቱ። የሦስት ወር ልጅ በቀን መቶ ግራም ገደማ ዱቄት ይፈጃል፤ 400 ግራም ያለው ቆርቆሮ በአራት ቀን ያልቃል። እርዳታው ለአንድ ወር ቢመጣ፣ በዚያ ወር የእናትየዋ ጡት ይነጥፋል፤ በሁለተኛው ወር ቆርቆሮው ሳይመጣ ሲቀር በእጇ የሚቀረው ምንድነው? ያቀጥኑታል፤ ከምንጭ በተቀዳ ውሃ ይበጠብጡታል፤ ተቅማጡ ይመጣል። በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 1981) የዓለም የጤና ጉባኤ የጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚገድበውን ደንብ ያጸደቀውም ይህ በየአገሩ ስለታየ ነው፤ በጤና ተቋም በኩል ነፃ ናሙና ማደልን ይከለክላል። የእርስዎ ጤና ኬላ ማደያ ከሆነ ደግሞ የሚያጠቡትም እናቶች ይሰለፋሉ። እናቱ የሞተችበት ልጅ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ከዘመድ የምታጠባ ሴት ይፈለግ፤ ኤችአይቪ ተመርምራ ነፃ ከሆነች ልጁን ትያዘው፤ ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እሷ ካልተገኘች ጤና ጣቢያው ለዚያ ልጅ ብቻ፣ በክትትል፣ የዱቄት ወተት ይሰጠው።

ኤችአይቪ በደሟ ያለባት እናትም ታጠባለች። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ ልጁም የታዘዘለትን እየወሰደ፣ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር ቢያንስ እስከ ዓመቱ። በስድስት ሳምንት የልጁ ደም ይወሰድ። ስለ እሷ በስብሰባ ላይ እንኳን አይጠቁሙ፤ ከሌሎቹ የተለየ ምክር እንደተሰጣት መታየቱ ብቻ ምስጢሯን ያወጣዋል።

በእርስዎ እጅ የማይፈቱትን ሳይዘገዩ ይላኩ። ጡት አልጎርስም ያለ ወይም መጥባት ያቆመ አራስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ ያተኮሰው ወይም የቀዘቀዘ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ የሆነ ልጅ ነገ ይታይ አይባልም። የላንቃ ክፍተት ያለበት እንዲሁ። ከ2 ኪሎ በታች የተወለደ ልጅ ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ ታቅፋ በካንጋሮ እንክብካቤ ይሂድ፤ በአንቀልባ አይደለም። እናትየዋ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷት ከነበረና ወተቱ ጨርሶ አልወርድ ካለ፣ ይህ እውነተኛ የወተት እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይያት። ጡቷ ቀልቶ፣ ትኩሳት ይዟት በ24 ሰዓት ካልተሻላት ፀረ ተሕዋስያን ያስፈልጋታል፤ በዚያም ጊዜ ማጥባቷን ትቀጥል፣ ማቆሙ ነው መግል የሚያቋጥረው። እንቅልፍ ያጣች፣ ልጇን ማየት የጠላች፣ የምታለቅስ አራስም ታማለች እንጂ አልሰነፈችም። መንገዱ በሚዘጋበት ወቅት ደግሞ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ስልክ በእጅዎ ይኑር፤ ከደወሉላት የምትመራዎ ብዙ ነገር አለ።

«ጊዜው ከየት ይመጣል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እንቁጠረው። አምስት ሺህ ሰው ባለው ቀበሌ በዓመት 160፣ 170 ገደማ ልጅ ይወለዳል፤ በሳምንት ሦስት። ለእያንዳንዱ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ሁለት ጉብኝት ቢሆን ስድስት ነው፤ ሁለት ባለሙያ ካላችሁ ለአንዷ በሳምንት ሦስት ቤት። ጎጡ ቢርቅ እንኳ ይህ የሚቻል ነው። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ኮሚኒቲ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከሳኒተሪያኖች (ከአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) ጋር በቡድን ያሠለጥን የነበረው ለገጠር ጤና ጣቢያ ነው፤ ቤት ድረስ ሄዶ አራስ ማየት ከዚህ አካባቢ የጤና ሥራ ጋር ያደገ ነገር ነው። የሚያስቸግረው ልደቱን በጊዜው መስማት ነው። የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ላይ የመውለጃ ወራቸውን በስም ይዘርዝሩ፤ አዋላጇ አራስ በሸኘች ቁጥር እንድትደውልልዎ ይስማሙ፤ ቤት የወለደችውን ደግሞ የሴቶች ልማት ቡድን መሪዋ በዚያው ቀን ታሳውቅ።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህ ነው። በየወሩ ስለ ጡት የሚሰጡትን ትምህርት በግማሽ ይቀንሱትና ሰዓቱን ለሦስተኛውና ለሰባተኛው ቀን ጉብኝት ያውሉት። በክትባት ቀን በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት የመጣውን ልጅ ሁሉ ከመውጋትዎ በፊት ይመዝኑት፤ ከተወጋ በኋላ ሕመሙን ለማስታገስ እናቱ እዚያው ታጥባው፣ እርስዎም አጎራረሱን ይዩ። በስድስተኛው ሳምንት ለእያንዳንዷ እናት ጡቷ እንደሚላላ፣ ልጁ ማታ ማታ እንደሚያለቅስ፣ ይህም ወተት አልቆ እንዳልሆነ ሳትጠይቅዎ ይንገሯት። ሱፐርቫይዘሩ የተማሩ እናቶችን ብዛት ሲጠይቅዎ ቁጥሩን ይስጡት፤ ከጎኑ ግን በራስዎ መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ያክሉ፦ በሦስት ቀን ውስጥ ስታጠባ የታየች። ከሦስት ወር በኋላ የላም ወተት የጀመሩትን እናቶች ስም ከዚያ ዓምድ ጋር ያስተያዩት።